አራት መቶው ነቢያትና የይምላ ልጅ ሚክያስ፦ ስለ ምርጫና ስለ ኅሊና የቀረበ ትምህርት



በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 22 የተጻፈውን ታሪክ ከምርጫ ጋር አያይዞ ማንበብ ብዙ የተለመደ አይደለም። ታሪኩ የጦርነት ታሪክ ነው። የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ሬማት ዘገለዓድን ከሶርያ እጅ ለማስመለስ አሰበ፤ የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥም አብሮት ሊዘምት ፈቀደ፤ ነገር ግን አስቀድሞ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይጠየቅ አለ። አክዓብም አራት መቶ ያህል ነቢያትን ሰበሰበ። ሁሉም ያለ አንዳች ልዩነት ንጉሡ እንዲዘምትና ድል እንደሚያደርግ ተናገሩ። ኢዮሣፍጥ ግን በዚህ አልተረጋጋም። አራት መቶ ሰው አንድ ቃል ሲናገር የሰማ ሰው ልቡ ሊያርፍ ይገባው ነበር፤ የእርሱን ልብ ያናወጠው ግን ያው አንድነታቸው ሳይሆን አይቀርም። ከእነዚህ ሌላ ነቢይ የለምን ብሎ ጠየቀ።

አክዓብ ሳይወድ መለሰ። የይምላ ልጅ ሚክያስ የሚባል አንድ ሰው እንዳለ፣ እርሱ ግን ስለ ንጉሡ መልካም ነገር ተናግሮ ስለማያውቅ እንደሚጠላው ገለጠ። ሚክያስን ሊጠራ የሄደው መልእክተኛም እንደ ወዳጅ ሆኖ መከረው፤ ነቢያቱ ሁሉ በአንድ አፍ ስለ ተናገሩ የእርሱም ቃል ከእነርሱ እንዳይለይ አሳሰበው። ይህን ምክር የማያውቅ ከእኛ መካከል ማን አለ? በአገራችን አነጋገር «አንተ ምን ቸገረህ፤ ሰው ያለውን በልና ወደ ቤትህ ግባ» እንደ ማለት ነው። መልእክተኛው ክፉ ሰው ነበር ብለን አናስብም። ምናልባትም የሚክያስን ራስ ለማትረፍ ይሆናል የመከረው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሚክያስ በንጉሡ ፊት በቀረበ ጊዜ በመጀመሪያ አራት መቶው ያሉትን ራሱን ደግሞ ተናገረ። ንጉሡም ወዲያው ነቃና ተቆጣ፤ በእግዚአብሔር ስም አምሎ እውነቱን ብቻ እንዲነግረው አስገደደው። እንግዲህ አራት መቶ «አዎን» ሰብስቦ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ንጉሥ ራሱ፣ «አዎን» የሚለው ቃል በግዛቱ ውስጥ ዋጋ ማጣቱን በልቡ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እምቢታ በማይቻልበት ቦታ የእሺታ ትርጉም ይጠፋል። እሺ ያለውም፣ እሺ የተባለለትም ምን እንደ ተባለ ሊያውቅ አይችልም። ሚክያስ ከዚያ በኋላ እውነቱን ተናገረ፤ በጥፊ ተመታ፤ ወደ ወኅኒ ተመለሰ። አክዓብ ግን ዘመተና ሞተ።

ይህን ታሪክ በወገዳ ሆነን ስናነብ የ1979 ዓ.ም. ነገር ወደ አሳባችን ይመጣል። የዓባይና የበሽሎ ሸለቆዎች የሚያዋስኑት ስማዳ ያን ጊዜ በጋይንት አውራጃ ሥር ነበር። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ በአጭሩ ኢሠፓ፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ ከእርሱ በቀር ሌላ ፓርቲ በሕግ አይፈቀድም ነበር። በ1978 ዓ.ም. 343 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከአባላቱ መካከል የፓርቲው ሹማምንት ብቻ ሳይሆኑ የሃይማኖት መሪዎች፣ ደራስያን፣ ሐኪሞች፣ ስፖርተኞች፣ ከቀድሞው መሳፍንት ወገን የሆኑ ሰዎች ሳይቀሩ ነበሩበት። ረቂቁ በአንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በ25,000 ያህል ቦታዎች ለውይይት ቀረበ።

ሕዝቡ በውይይቱ ዝም አላለም። ስለ ግብር ጠየቀ፤ ስለ ሃይማኖት ጠየቀ፤ ስለ ጋብቻ ጠየቀ። በተለይም ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን የሚከለክለው አንቀጽ በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሣ። ኮሚሽኑም 95 ማሻሻያዎችን ተቀበለ፤ አብዛኞቹ ግን የነገሩን ፍሬ የሚለውጡ አልነበሩም። ፓርቲውን የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ ኃይል የሚያደርገው አንቀጽ 6 በቦታው ጸና። በሚስት ነገር መከራከር ተችሏል፤ በሥልጣን ነገር ግን ክርክሩ ሳይጀመር ያለቀ ነበር።

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። መንግሥት ባስታወቀው ቁጥር መሠረት ድምፅ መስጠት ከሚችለው 14 ሚሊዮን ሕዝብ 96 ከመቶው ወጣ፤ ከወጣውም 81 ከመቶው ደገፈ፤ 18 ከመቶው ተቃወመ። በዚያው ዓመት ሰኔ 7 ቀን የ835 መቀመጫዎቹ ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተካሄደ። ዕጩዎችን የሚያቀርቡት የፓርቲው ቅርንጫፎች፣ የሕዝብ ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። በጳጉሜን ሸንጎው ተሰብስቦ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ።

ስለ «ሸንጎ» ስም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በጋይንትም ሆነ በእስቴ ገበሬ ዘንድ ሸንጎ ማለት በዛፍ ጥላ ሥር ነገር የሚታይበት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት የሚሟገቱበት፣ አላፊ አግዳሚው እንኳ «እስቲ ፍረደን» ተብሎ የመንገድ ዳኛ የሚሆንበት ስፍራ ነው። እዚያ የተረታ ሰው ቢያንስ ተናግሮ ይረታል። ስሙን ከዛፉ ጥላ ወደ አዳራሹ ወሰዱት፤ ሙግቱን ግን እዚያው ጥላው ሥር ተዉት።

እስቲ አሁን በዚያ ዘመን የነበረውን የስማዳ ወይም የእስቴ ገበሬ በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። ለስብሰባና ለምርጫ የሚጠራው የገበሬ ማኅበሩ ነው። ያው የገበሬ ማኅበር መሬት ያከፋፍላል፤ ለማን ለሙ፣ ለማን ጭንጫው እንደሚደርስ በእርሱ ይወሰናል። ያው የገበሬ ማኅበር ለብሔራዊ ውትድርና የሚላኩትን ወጣቶች ኮታ ይሞላል። በከተማም ቢሆን ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ዘይቱም በቀበሌ ሱቅ በራሽን ካርድ ነበር የሚገኘው። የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ካለፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ድምፅ ሊሰጥ ሲሄድ የሚጠየቀው «ይህን ሕገ መንግሥት ትወዳለህ ወይ?» ተብሎ ነው፤ እርሱ በልቡ የሚሰማው ግን «መሬትህን ትወዳለህ ወይ? ልጅህን ትወዳለህ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ለዚህኛው ጥያቄ «አዎን» ብሎ መለሰ። ማንስ አባት «አልወድም» ይላል?

ስለዚህ በዚያ ዘመን እሺ ያለውን ሁሉ ዛሬ ተነሥቶ ውሸታም ነው ማለት የክርስቲያን ፍርድ አይደለም። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1735 ፍርሃትና ግዳጅ የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንሱ፣ አልፎም ሊያስቀሩ እንደሚችሉ ያስተምራል። ሸክሙ የሚወድቀው በመጀመሪያ እህልንና ድምፅን በአንድ መዝገብ በጻፈው ላይ ነው። ቀጥሎም የሚወድቀው፣ የጎረቤቱን ልብ ሰልሎ «እገሌ አኩርፏል» ብሎ በሚጠቁመው ላይ ነው። በፈራውና በጠቆመው መካከል ያለውን ልዩነት መምህራን አጥርታችሁ እንድታስተምሩ እንለምናለን። ፍርሃት የተገደደ ሰው ሕመም ነው። ጥቆማ ግን ስምንተኛውን ትእዛዝ በግልጽ መተላለፍ ሲሆን፣ በንስሐ ብቻ ሳይሆን የጠፋውን የጎረቤት ስምና ጥቅም በመመለስ ጭምር ነው የሚጠገነው።

ከቁጥሮቹ መካከል አንዱ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይታለፋል። ከወጣው ሕዝብ 18 ከመቶ ማለት ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ነው። ይህን ያህል ሰው፣ መንግሥት ራሱ በቆጠረው ቁጥር፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል «አይሆንም» ብሏል። ስማቸው በየትም አልተጻፈም፤ ሐውልትም አልቆመላቸውም። ከመካከላቸው ስንቱ በዚህ በእኛ ሸለቆና ደጋ እንደ ነበረ እግዚአብሔር ያውቃል። ሚክያስ ለብቻው ነበር ስንል እነዚህን መርሳት አይገባንም።

የሸንጎው ዘመን አምስት ዓመት እንዲሆን ተወስኖ ነበር። አምስቱ ዓመት ሳይሞላ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደቀ። ከመቶ ሰማንያ አንዱ ደግፎታል የተባለው ሥርዓት በወደቀበት ቀን ያ ሁሉ ደጋፊ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ የሄደበት ቦታ የለም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረምና። አክዓብን ያጠፉት ጠላቶቹ ብቻ አልነበሩም፤ እውነት የሚነግረው ሰው በዙሪያው እንዳይኖር ማድረጉም ነበር።

በአንድ ፓርቲ መመራት የእኛ አገር ብቻ ዕጣ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ከአፍሪቃ አገሮች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ይመሩ ነበር። ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን ግን ፍትሕ አይሆንም። በታንዛኒያ በ1958 ዓ.ም. መባቻ በተደረገው ምርጫ ፓርቲው አንድ ቢሆንም በየወረዳው ሁለት ዕጩዎች ይቀርቡ ነበር፤ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንዲለያቸው ለአንዱ መቆፈሪያ፣ ለሌላው ቤት ምልክት ይሰጠው ነበር። በዚያ ምርጫ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ መቀመጫቸውን አጡ። መሪያቸው ጁሊየስ ኔሬሬ ዕለት ዕለት ቅዳሴ የሚያስቀድስ ካቶሊካዊ ነበር፤ የብፅዕና ጉዳዩም በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ተከፍቷል። በእርጅናው ዘመን አንድ ኮሚሽን የሕዝቡን አሳብ ቢጠይቅ አብዛኛው በአንድ ፓርቲ መቀጠልን መረጠ፤ ይሁን እንጂ የጥቂቶቹ ድምፅ ተሰምቶ በ1984 ዓ.ም. ሕጉ ተለወጠ። ኔሬሬም ለውጡን ደገፈ። የአብዛኛውን እሺታ በእጁ ይዞ ለጥቂቶች ጆሮውን የሰጠ መሪ በታሪክ ብዙ አይገኝም።

በኬንያ ደግሞ በ1980 ዓ.ም. የተደረገው የፓርቲ ማጣሪያ ምርጫ በምሥጢር አልነበረም። መራጩ ከሚደግፈው ዕጩ ወይም ከሥዕሉ ኋላ በአደባባይ እንዲሰለፍ ተደረገ፤ በሰልፉ ከመቶ ሰባ በላይ ያገኘው ዕጩ ያለ ምሥጢር ድምፅ አለፈ። የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ይህን ተቃወሙ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ባለ ዕዳ በአበዳሪው ፊት፣ ሠራተኛ በአሠሪው ፊት፣ ምእመን በካህኑ ፊት ከተሰለፈ የተቆጠረው ራስ እንጂ ልብ አይደለም።

የማላዊ ነገር ለእኛ ለካቶሊካውያን የተለየ ትርጉም አለው። የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ተብለው የተሰየሙት ዶክተር ሄስቲንግስ ባንዳ አገሪቱን በአንድ ፓርቲ ይመሩ በነበረበት ጊዜ፣ በ1984 ዓ.ም. የካቲት 29 ቀን፣ በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ እሑድ፣ የማላዊ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ሐዋርያዊ መልእክታቸው በየቁምስናው እንዲነበብ አደረጉ። መልእክቱ መንግሥት ይውደቅ አላለም። ስለ ድሆች፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ሕክምና፣ ሰው ያለ ፍርሃት አሳቡን ስለ መግለጹ ተናገረ። ጳጳሳቱ ተጠርተው ተመረመሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ የውጭ አገር ተወላጅ ሞንሲኞር ከአገር ተባረሩ፤ ጽሑፉን መያዝ ራሱ እንደ ወንጀል ተቆጠረ። ሕዝቡ ግን የሰማውን አልረሳም። በሕዝበ ውሳኔው ዝግጅት ጊዜ መንግሥት ለእያንዳንዱ አሳብ ለብቻ ሳጥን ይቁም አለ፤ ሰው ወደ የትኛው ሳጥን እንደ ሄደ ይታይ ዘንድ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ ሳጥኑ አንድ ሆነ። ሰኔ 7 ቀን 1985 ዓ.ም. ሕዝቡ ከመቶ ከስድሳ በሚበልጥ ድምፅ ብዙ ፓርቲ እንዲፈቀድ ወሰነ። የእኛ ሸንጎ ከተመረጠበት ዕለት ስድስት ዓመት ሲቆጠር ቀኑ እንኳ አልተለየም።

የሳጥኑ ነገር ትንሽ መስሎ እንዳይታየን። በሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛን የመረጡት 133 ካርዲናሎች፣ ከእነርሱም አንዱ የእኛው ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ነበሩ፣ የሚመርጡትን ስም በወረቀት ሲጽፉ የእጅ ጽሑፋቸው እንዳይታወቅ አድርገው እንዲጽፉ ሕጉ ያዛል። ወረቀቱም በኋላ ይቃጠላል። መሬቱ የማይነጠቅበት፣ ራሽኑ የማይቋረጥበት ካርዲናል እጁን እንዲሸሽግ ከታዘዘ፣ የሴፍቲኔት እህል የሚጠብቅ የስማዳ ገበሬ ምን ያህል ሊጠበቅ ይገባው ይሆን?

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር ነው፤ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ፓርቲዎች ተፈቅደዋል» የሚል ይኖራል። በሕግ እውነት ነው። ሆኖም በግንቦት 2002 ዓ.ም. ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱ፣ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ መግባታቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ያለውን ውጤት ስንሰማ አስቀድመን ወደ ኢዮሣፍጥ ጥያቄ እንመለስ፤ ሌላ ነቢይ የለምን? ፓርቲ ቢበዛም መዝገቡ አንድ ከሆነ፣ ማዳበሪያውን፣ ዕርዳታውንና የምርጫ ካርዱን የሚያድለው እጅ አንድ ከሆነ፣ ገበሬው የሚሰማው ጥያቄ ያው የጥንቱ ጥያቄ ነው። በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን ይህን የመሰለ ቅሬታ በብዙ ገጠር ይሰማ ነበር። ሌላም ነገር አለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፣ በቀድሞው ሥርዓት የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩት «ቢሮክራት» ተብለው ከሌላው ያነሰ መሬት እንዲይዙ ተደረገ። ትናንት እሺ ብሎ ያገለገለው በእሺታው ተቀጣ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ሰዉ ምን ተማረ? እሺም ቢል፣ እምቢም ቢል እንደማይበጀው ተማረ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት እንዲህ ባለው ዘመን ሥር ይሰድዳል።

ከዚህ ዝምታ መውጫውን በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 6 እናገኛለን። በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ያደረገችው ምርጫ የተነሣው ከእህል ዕደላ ነበር። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ምእመናን፣ መበለቶቻችን በዕለቱ ምግብ ይረሳሉ ብለው በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ ዕብራውያኑ ብዙዎች። ሐዋርያት አጉረምራሚውን ዝም አላሰኙም፤ ማን አጉረመረመ ብለውም አልመረመሩም። ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው በመንፈስና በጥበብ የሞሉ ሰባት ሰዎች ራሳችሁ ምረጡ አሏቸው። የተመረጡትን ስም እናንብብ፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጰርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ብዙዎቹ የእህሉን ቁልፍ አንሥተው ተበደልን ባሉት በጥቂቶቹ ወገኖች እጅ አኖሩት ማለት ነው። በዚህ ላይ ያሰቡ የመጽሐፍ ሊቃውንት አሉ፤ እኛ ግን ለማስተዋል ሊቅ መሆን አያሻንም፤ ዕርዳታ ሲታደል ተሰልፎ የሚያውቅ የጋይንት ሰው ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖትን እውነት በድምፅ ብልጫ አትወስንም፤ ይህ የታወቀ ነው። የምድራዊ አስተዳደርን ነገር ግን ለሰው ኅሊናና ለነጻ ምርጫው ተወች። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1958 ዓ.ም. ባወጣው ስለ ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም በሚናገረው ሰነድ ቁጥር 75 ላይ ነጻ ድምፅ መስጠት መብትም ግዴታም መሆኑን አስተምሯል። ቅዱስ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም፣ እርሳቸው ራሳቸው በአንድ ፓርቲ አገር ጳጳስ የነበሩ፣ በ1983 ዓ.ም. በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ሕዝብ መሪዎቹን መምረጥ ብቻ ሳይሆን ሊጠይቃቸውና በሰላም ሊለውጣቸው መቻሉን አክብረው ተናግረዋል። ሦስተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ሥርዓተ ክብር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከምእመናን ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ»። ይህን የሚሉትን አንነቅፋቸውም፤ የነካቸው ያውቃሉና። ነገር ግን በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም ከገሪዛን ተራራ ላይ ለሴኬም ሰዎች የተናገረውን ምሳሌ እንመልከት። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ተነሡ። ወይራዋን ለመኑ፤ ዘይቴን ትቼ አልሄድም አለች። በለሷን ለመኑ፤ ጣፋጭነቴን አልተውም አለች። ወይኑም ስለ ጠጁ እንዲሁ እምቢ አለ። በመጨረሻ እሾሁ ተጠየቀ፤ እሾሁ አንድ ቀን እንኳ ሳያድር እሺ አለ፤ ከጥላዬ በታች ግቡ፣ ያለዚያ ከእኔ የሚወጣው እሳት ይበላችኋል አለ። ወይራዋም፣ በለሷም፣ ወይኑም ክፉ አልነበሩም። ሥራ ነበራቸው፤ ፍሬ ነበራቸው። እሾሁ ሹመት ያገኘው ፍሬ ያላቸው ሁሉ በየፍሬያቸው ተሰብስበው በመቅረታቸው ነው። ለመሆኑ እሾህ ምን ጥላ አለው?

ለዚህ ሁሉ ሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በዕድሩ ዳኛ ይመርጣል፤ ዳኛው ካጠፋ ያወርደዋል፤ የወረደውም ዳኛ በማግስቱ ከሌሎች ጋር ድንኳን ይተክላል። ዳኛ ስላወረደ የልጁ ቀብር የተከለከለበት ሰው አልሰማንም። ይህን የለመደ ሕዝብ ምርጫ አያውቅም ሊባል አይችልም፤ የጎደለው እምቢ ብሎ በሰላም የሚገባበት ደጅ ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ፣ ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንመለስ። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ በቀኖና 383 እና 384 ካህናት የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዙ፣ በፓርቲም ውስጥ ተሳታፊ እንዳይሆኑ ይከለክላል። ይህ ክልከላ ለካህናት እንጂ ለእናንተ አይደለም። ከእናንተ መካከል ለቀበሌ ወይም ለወረዳ ምክር ቤት እንዲወዳደር፣ ወይም በምርጫ ጣቢያ ታዛቢ እንዲሆን የሚጠየቅ ቢኖር የወይራዋን መልስ ከመስጠቱ አስቀድሞ ደጋግሞ ያስብበት። ከተቀበለ ግን የጸሎት ቤቱን ቁልፍ ለሌላ ያስረክብ፤ በአንድ አንደበት ወንጌልንም ዕጩነትንም መስበክ አይቻልምና። ዕጩ ሆኖ የመጣ እንግዳ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ንግግር ላድርግ ቢል በትሕትና ይመለስ፤ የየትኛውም ወገን ይሁን። የምርጫ ሰሞን ለማን ድምፅ እንደ ሰጡ ምእመናንን አትጠይቁ፤ በቀልድም ቢሆን። ሊነግሯችሁ ቢፈልጉ እንኳ አታድምጡ። በዚህ አገር እኛ ካቶሊካውያን በቁጥር ጥቂቶች ስለ ሆንን «እነዚያ ሁሉ እገሌን መረጡ» መባል ለእኛም ለጎረቤቶቻችንም አይበጅም።

የቁምስና ምክር ቤት ምርጫ ስናደርግ እጅ በማውጣት አይሁን። በካህኑ ፊት እጁን የሚያወጣ ሰው ካህኑ የሚወደውን ይመርጣልና። ማንበብ የሚችሉ በወረቀት ይጻፉ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች ግን ለአንዱ ዕጩ ባቄላ፣ ለሁለተኛው ሽምብራ፣ ለሦስተኛው አተር ምልክት ይሰጠውና ከሦስቱም ዓይነት ፍሬ ለእያንዳንዱ ይታደል፤ መራጩም ብቻውን ከመጋረጃ ኋላ ገብቶ የመረጠውን አንዱን ፍሬ ክዳን ባለው ሙዳይ ውስጥ ይጨምር፤ የቀሩትን በኪሱ ይዞ ይውጣ። ቆጠራው በሁሉ ፊት ይሁን፤ ሁለት ሰዎች ከተለያየ መንደር ይቁጠሩ። ተቃውሞ ያለው በዚያው ይናገር፤ የተናገረውም በመዝገብ ይጻፍ። ካህኑ ግን ጸሎቱን አድርሶ ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ በውጭ ይቆይ።